ባዶ መተው የነበረበት መስመር

እኔ ሽንኩርት አልልጥም። ባለቤቴ መጀመሪያ ስንፍና መስሎት ነበር፤ ቆይቶ ዓይኔን የሚያቃጥለኝ መሰለው፤ አሁን ምክንያቱን መጠየቅ ትቶ ራሱ ይልጣል። ባለፈው ሳምንት ግን እሱ መንገድ ሄዶ እንግዳ ሊመጣብኝ ሆነና አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ፊቴ ዘርግፌ ተቀመጥኩ። ሁለተኛዋን እንደከተፍኩ እጄ ቆመ። የስምንተኛ ክፍል ዓመቴ፣ የሁርሊንግሃሙ ጓሮ፣ እማዬ ከነቢላዋዋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። እንግዳዬን ከውጭ ባስመጣሁት ምግብ አስተናግጄ ሸኘሁ።

እትዬ አስካለ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም የሚባል ሠፈር ውስጥ ምግብ ቤት ነበራቸው። እማዬ እሳቸው ጋ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ የምንኖረውም እዚያው ጓሮ፣ ከሽንኩርቱ መጋዘን አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አባቴ ሞያሌን ሳንሻገር ነው የሞተው፤ እኔ መልኩን አላስታውስም። ናይሮቢ ስንገባ የምናውቀው አንድ ሰው አልነበረም። እማዬ እኔን አዝላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ እትዬ አስካለ አዩዋት፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት፣ ይዘውን ሄዱ። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ሳታስፈቅዳቸው የምታደርገው ነገር ቢኖር መተንፈስ ብቻ ነበር።

እትዬ አስካለ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሜሮን። ዕድሜያችን አንድ፣ ክፍላችን አንድ፣ ዴስካችን አንድ። ሁለታችንንም አንድ ቀን እጃችንን ይዘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስመዘገቡን እሳቸው ናቸው። እኔና ሜሮን ስንጣላ በስዋሂሊ፣ ስንታረቅ በአማርኛ፣ ምስጢር ስናወራ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች እንዳይሰሙን። በክፍላችን እኔ አንደኛ እወጣለሁ፤ እሷ ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ሦስተኛ። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እናቶቻችንም ያውቃሉ፤ እኔማ ከሁሉም አብልጬ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ትሑት ነበርኩ ብዬ አልዋሽም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያስጠኑን ጋሽ ወርቁ ነበሩ። አገር ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ፤ ናይሮቢ ግን ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። ሁለት ማታቱ፣ የእዚያን አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ቀይረው ይመጣሉ፤ ክፍያቸው ምሳ ነው። ሰሌዳችን የመጋዘኑ የብረት በር፣ ወንበራችን የሽንኩርት ጆንያ። ስንሳሳት አይቆጡም፤ ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና ዝም ብለው ያዩናል። እኔ ዱላ በስንት ጣዕሙ እል ነበር።

ጋሽ ወርቁ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። በዚያ ዓመት የያዙት ነገር ዩኒቨርሲቲ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሁለተኛ ደረጃ፣ ፎርም ፎር ሲጨረስ ነው የሚላችሁ ሰው አትስሙት» ይሉናል። «ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከስምንተኛ ነው። ከስምንተኛ የት ሄድሽ? እሱ ነው ጥያቄው።»

«ፈተናው እኮ ለሁሉም አንድ ነው ጋሼ» አለቻቸው ሜሮን አንድ ቀን።

«ወረቀቱ ነው አንድ። እኔ አሲድ የሚባለውን ነገር በጠመኔ ተስሎ ነው ያየሁት። አዲስ አበባ ትልቁ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ በገዛ እጁ ቀላቅሎ ሸትቶታል። አንጎላችን እኩል ነበር። እሱ ሕክምና ገባ፤ እኔ ሌላው ሰው ያልፈለገው ቦታ ላይ ወደቅሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ ስሚ። እዚህ አገር የመንግሥት የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ለዜጋ ነው። እንዳንቺ ስደተኛ ለሆነ ልጅ ያለው ጊጊሪ ካለው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰው፣ በውጤት» አሉኝ። ሜሮን ፈገግ ስትል አዩዋትና እሷንም አልማሯትም። «አንቺም እናቴ ሠርታ ትከፍልልኛለች ብለሽ እንዳትዘናጊ። ሕክምና ያለ ውጤት የሚሸጥልሽ ሱቅ የለም።»

ሜሮን ዶክተር መሆን ትፈልግ ነበር። እኔ ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር፤ ከሽንኩርቱ መጋዘን መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው።

ጋሽ ወርቁ ልባችን ያረፈበትን ትምህርት ቤት አንድ ቅዳሜ ወስደው አሳዩን። ስሙን አልጠራም፤ እኛ ቤት «ናሽናሉ» ነበር የሚባለው። ከመላው አገር የተለቀሙ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ናሽናል ሲባል ሰውን ዜጋ የሚያደርጉበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ገብቼ ስወጣ አማርኛ ረስቼ እማዬን በስዋሂሊ የማናግራት መስሎኝ ስንት ቀን ተጨንቄያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ዘበኛው መጀመሪያ አላስገባም አለ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዚያ በተጣራ የአስተማሪ እንግሊዝኛቸው ሲያናግሩት ግን ግራ ገብቶት እስከ እንግዳ መቀበያው ድረስ ለቀቀን። ግድግዳው ላይ ጥቁር የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከላይ እስከ ታች በወርቅ ቀለም የሴቶች ስም ተጽፎበታል። የሞቱ ተማሪዎች መሰሉኝ። ቤተ ክርስቲያን በወርቅ ተጽፎ ያየሁት ስም ሁሉ የሟች ስም ነበርና ቀስ ብዬ አማተብኩ። ሜሮን አይታኝ እሷም አማተበች። ጋሽ ወርቁ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«እነዚህ ሕክምና፣ ሕግ፣ ምህንድስና የገቡ ናቸው። ሁሉም በሕይወት አሉ፤ አንዷ ነገ ጥርሳችሁን ትነቅል ይሆናል» አሉን።

ስንመለስ በላብራቶሪው መስኮት አጠገብ አለፍን። ሜሮን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች። «ራሔል፣ በየጠረጴዛው ቧንቧ አለ። ኢማጂን፣ በየጠረጴዛው» አለች። ትንፋሿ መስታወቱ ላይ ጉም ሠርቶ ነበር። እኔም አየሁ። የፈለግሁት ግን ቧንቧውን አልነበረም፤ እዚያ ሰሌዳ ላይ ስሜ እንዲጻፍ ነው የፈለግሁት። እንደዚያ ቀን የሆነ ነገር አምሮኝ አያውቅም።

ፌብሩዋሪ ላይ የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር አኪኒ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንመርጥበትን የመለማመጃ ቅጽ አደለችን። በእርሳስ ሞልተን ወላጅ አስፈርመን እንድንመልስ፤ እውነተኛውን ደግሞ አንድ በአንድ እየተጠራን እሷ ፊት በእስክሪብቶ እንድንሞላ ነው። የላይኛው መስመር የናሽናል ነው። ከሥሩ ፕሮቪንሻል የሚሉት መካከለኛው፣ ከዚያ የሠፈር ትምህርት ቤት።

«ናሽናል የምትመርጡ፣ እወቁት» አለች ቲቸር አኪኒ። «ከእኛ ትምህርት ቤት ቢበዛ አንድ ልጅ ነው የሚወስዱት። እዚህ መስመር ላይ ያልጻፈውን ደግሞ ውጤቱ ሰማይ ቢነካ አይጠሩትም። ሳዋ?»

ሳዋ አልን። እሺ ማለት ነው።

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ከመክተፊያው ራስጌ ቆሜ ቅጹን በአማርኛ አስረዳኋት፤ እሷ የምታነበው አማርኛ ብቻ ነው። ናሽናሉ ጋ ስደርስ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ከትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ብቻ እንደሚወስዱም ነገርኳት። ያንን እንደ ጀብዱ ነበር የነገርኳት።

«አንዲት ብቻ?» አለች።

«አንዲት።»

«ሜሮንስ?»

«እሷም እሱኑ ነው የምትሞላው።»

ቢላዋው ቆመ። «ሰረዝ አድርጊበት» አለች።

«ምኑ ላይ?»

«የላይኛው መስመር ላይ። ከሁለተኛው ጀምሪ።»

«እማዬ፣ ጋሽ ወርቁ እኮ...»

«ጋሽ ወርቁ አይደሉም ያበሉሽ» አለች፤ አልጮኸችም፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን ልሁን ነው የምትዪኝ? የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ? ከመንገድ ያነሱኝን ሴትዮ ልጅ የኔ ልጅ ገፍትራ ትግባ? ሰው ምን ይለኛል? እሳቸውስ ፊት በምን ዓይኔ ነው የምቆመው?»

«እኔ እኮ እበልጣታለሁ» አልኳት።

«እሱን ስለማውቅ ነው ሰረዝ አድርጊ ያልኩሽ።»

አደረግሁ። እርሳሱን እስኪሰበር ተጭኜ አደረግሁ። እማዬ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በአማርኛ ፊደል ስሟን ጻፈች፤ ወረቀቱ ሽንኩርት ሸተተ። በአሥራ ሦስት ዓመት አንጎሌ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ከእኔ ይልቅ እትዬ አስካለን ትወዳለች። ያ ሳምንት አልፎም አላናገርኳትም፤ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

የእስክሪብቶው ቀን ቲቸር አኪኒ ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የእርሳሱ ቅጽ ከእነ ሰረዙ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ንጹሕ ቅጽ። መገልበጥ ብቻ ነበር ሥራዬ። እስክሪብቶውን የላይኛው መስመር ላይ አሳረፍኩና የናሽናሉን ስም ጻፍኩ።

ቲቸር አኪኒ የእርሳሱን አየች፣ የእስክሪብቶውን አየች። «እዚህ እኮ ሰረዝ ነው ያለው» አለች።

«እናቴ ሐሳቧን ቀየረች» አልኳት።

ከዚያ ማኅተሟን መታችበትና፣ «ጥሩ። ቢያንስ አንዳችሁ» አለች። አንዳችን እንገባለን ማለቷ መሰለኝ። ከዚያ ክፍል ቶሎ መውጣት ነበር የፈለግሁት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ለመጠየቅ ማን ጊዜ አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት በሁለት ጸሎት መሐል አለፈ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ አምላኬ ናሽናሉን ስጠኝ እላለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ጎንበስ ብላ ለእትዬ አስካለ እጅ ስታስታጥባቸው አይና፣ አምላኬ የጠዋቱን እንዳትሰማኝ እላለሁ። ብገባ እማዬ ከዚያ ቤት ትባረራለች፤ ወይም ደግሞ ሳያባርሯት አፍራ ራሷ ትወጣለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር እኔና እሷ ከእነ ፍራሻችን መንገድ ዳር ተቀምጠን ይታየኝ ነበር። ባልገባ ደግሞ ከመጋዘኑ መቼም አልወጣም። በዚህም በዚያም መሄጃ አልነበረኝም። እማዬ በበኩሏ ምንም የማታውቅ ናትና ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ «የኔዋ እንኳን እዚሁ ቅርብ ነው የመረጠችው፤ ናሽናሉ ለሜሮን ነው» ትላለች። በኩራት ነው የምትለው። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ያዩኝና መልሰው ሥራቸውን ይሠራሉ። ያወቁብኝ ይመስለኝ ነበር።

ክፋትም ጀመርኩ፤ ልደብቀው አልችልም። ጋሽ ወርቁ ካንድ የሥራ ባልደረባቸው የድሮ ፈተናዎች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ ለምነው አመጡልን። ሳምንት ሳምንት እየተቀያየራችሁ ሥሩበት አሉን። የእኔ ሳምንት አለቀና ሜሮን ስትጠይቀኝ፣ «እማዬ ሳታውቅ እሳት አቀጣጠለችበት» አልኳት። መጽሐፉ ከፍራሼ ሥር ነበር።

ሜሮን ደነገጠች። «በቃ ተያት፣ እንዳትቆጫት። ዶንት ቴል ጋሼ፣ ያዝኑባታል» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የሳይንስ ደብተሯን በሙሉ በእጇ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ መጽሐፉ የለንምና ይጥቀምሽ ብላ። የጉልበት ዓይነቶችን በቀይ፣ የአፈር ዓይነቶችን በሰማያዊ ጽፋቸው ነበር። ተቀበልኳት። አመሰገንኳት። መጽሐፉን ግን አላወጣሁም። እስከ ዛሬ ስለዚያ መጽሐፍ ሳስብ ፊቴ ይግላል።

ኖቬምበር ላይ ፈተናው ሲደርስ ናይሮቢ ውስጥ ሰክሰስ ካርድ ይሸጣል፤ ለተፈታኝ የሚሰጥ፣ ሲከፈት ቲር ቲር እያለ የሚዘፍን የመልካም ምኞት ካርድ ነው። እማዬ ከመንገድ ዳር አንድ ገዝታ ስትመጣ አየሁና ልቤ ሞቀ። ለሜሮን ነበር። በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻትና፣ «የኔ ልጅ፣ አንደኛ ውጪልኝ» አለቻት። እኔ በፈተናው ጠዋት ትከሻዬን መታ መታ ተደረግሁ። ለእኔ ካርድ የሰጡኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ውስጡ በአማርኛ «በርቺ፣ አባትሽ ያይሻል» ብለው ጽፈውበታል። ካርዱን ዘግቼ ሙዚቃው እስኪያቆም እጄ ውስጥ ጨመቅሁት። ምን ያህል አውሬ እንደሆንኩ ያኔ ነው የተሰማኝ።

የሳይንስ ፈተና ላይ ሦስት ጥያቄዎች ባዶ ተውኩ። መልሳቸውን አውቀዋለሁ። ሦስቱን ለእማዬ ልተውላት ብዬ ነው፤ በሦስት ነጥብ ሜሮን ብትበልጠኝ ሁሉም ነገር በሰላም ያልፋል፣ እኔም አልታዘዝኩም አልባልም። እርሳሴን አስቀምጬ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ሜሮን ከፊቴ ሁለት ረድፍ ርቃ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ፈታኙ አምስት ደቂቃ ቀረ አለ። ያን ጊዜ ያ የወርቅ ቀለም ዓይኔ ላይ መጣ። እርሳሴን አነሳሁና ሦስቱንም በትክክል አጠቆርኩ። እማዬን ሁለተኛ ጊዜ ያልታዘዝኩት ያኔ ነው።

ውጤት የመጣው በነቢያት ጾም፣ ፈረንጆቹ ገናቸውን አክብረው ሲጨርሱ ነው። ስም ዝርዝሩ የዳይሬክተሩ ቢሮ መስኮት ላይ ከውስጥ ተለጥፏል። ሕፃን አዋቂው ተገፋፍቶ መስኮቱን ሊሰብረው ደርሷል። አንድ ረጅም ልጅ እያነበበ ጮኸ፤ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሜሮን። ሁለተኛ እኔ። በአራት ነጥብ።

መጀመሪያ እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በቃ፣ ናሽናሉ የሜሮን ነው፤ የጻፍኩትን ማንም አያውቅም፤ እማዬ ከእነ ክብሯ ትኖራለች። ቀጥሎ ደግሞ ንዴቱ መጣ። ያንን ሁሉ ዋሽቼ፣ መጽሐፍ ደብቄ፣ ሦስቱንም ጥያቄ አጥቁሬ፣ በላጯ እሷ ነበረች። ሜሮን መስኮቱን ተደግፋ ታለቅሳለች። ከደስታ መስሎኝ ቀናሁባት።

እማዬን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ሜሮንን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት፤ «የናሽናሏ ልጅ!» እያለች። እኔንም ሳመችኝ፤ ግን እኔን ስትስም ትንፋሿ ረጅም ነበር፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። ሜሮን ወደ ክፍሏ ገባች። እትዬ አስካለ፣ «እስቲ ደብዳቤው ይምጣና» ብቻ አሉ።

ደብዳቤው ትምህርት ቤታችን የደረሰው ከእኛ ገና በኋላ ነው። እኛ ስልክ ስላልነበረን ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው የእትዬ አስካለን ቁጥር ነው። ቀትር ላይ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ እማዬ ትከትፋለች፣ እኔ ሰሐን አደርቃለሁ፣ እትዬ አስካለ ምስር ይለቅማሉ። ስልካቸው ጮኸ። በስዋሂሊ፣ «አዎ ቲቸር... አዎ... ማን?» አሉ። ከዚያ ስልኩን ምስሩ ላይ ጣሉትና እልልታቸውን አቀለጡት።

«ልጅሽ ናሽናሉ ገባች!» አሉ።

«እሰይ፣ እሰይ ሜሮንዬ» አለች እማዬ።

«ሜሮን አይደለችም እኮ። ያንቺዋ ናት። ራሔል።»

እማዬ ቢላዋውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንዳደረግሁ ባንድ እይታ ገባት። እኔ ደግሞ ምንም አልገባኝም፤ ሜሮን በአራት ነጥብ በልጣኝ እንዴት እኔን ጠሩኝ? ሰሐኑ ከእጄ እንዳይወድቅ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ። እማዬ ቢላዋውን አስቀምጣ እትዬ አስካለ እግር ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ስለ እመብርሃን ይቅር ይበሉኝ። እንደዚህ ልናደርግዎት...»

«ምን ሆነሽ ነው? ተነሺ እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ ክንዷን ይዘው እየጎተቱ። «እኔ ነኝ እኮ ሜሮንን ተይው ያልኳት። አንዲት ብቻ ነው የሚወስዱት ስትለኝ፣ አባት ከሌላት ልጅ ጋር አትሻሚ፣ መስመሩን ባዶ ተዪው አልኳት። ለማንም እንዳትናገር አስምያት ነው፤ አንቺ ብትሰሚ እንቢ ትያለሽ ብዬ።»

ሜሮን ታዝዛለች። ያ ቧንቧ የሚያምራት፣ ዶክተር መሆን የምትፈልገው ልጅ እናቷ ተይ ስትላት ትታለች፤ አንደኛ ወጥታ፣ ባዶ መስመሯን እያወቀች፣ መስኮቱን ተደግፋ አልቅሳለች። ከሁለታችን በእርሳስም በእስክሪብቶም አንድ ዓይነት ቅጽ የሞላችው እሷ ብቻ ነበረች።

እማዬ ከወደቀችበት ቀና አለች። «እኔም እኮ...» አለች።

ምን ልትል እንደሆነ አወቅሁ። እኔም እኮ ተይ ብያት ነበር፤ ይህች አሳማ ናት ያልሰማችኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት። ያንን ቃል ብትናገር ስሟ ይጸዳል፤ ዕድሜ ልኳን የምትጠብቀው ስሟ። አየችኝ። ሰሐኑን እንዳቀፍኩ ነበርኩ።

«እኔም እኮ... ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም» አለች።

እትዬ አስካለ፣ «ምን ማመስገን አለው» አሏት፤ ፊታቸው ላይ ግን የሆነ ነገር አለፈ። «ናሽናሉ ለሜሮን ነው» ስትል የከረመችው ለማስመሰል ሆኖባቸው፣ የሰው ልጅ ዕድል ዓይኗ እያየ የተቀበለች ሴት ሆና ታየቻቸው መሰለኝ። እማዬም አየችው። ዋጠችው። እጄን ጨምድዳ ይዛ ወደ እሳቸው ገፋችኝና፣ «ጉልበታቸውን ሳሚ» አለችኝ። ሳምኩ። እማዬ ስለዚያ ቅጽ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

ጓሮ ስወጣ ሜሮን ልብስ እያሰጣች ነበር። እልልታውን ሰምታለች። እርጥቡን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘን አብረን ጨመቅነው። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ሳቅ ብላ፣ «ኮንግራትስ» አለችኝ። እኔ አንሶላውን አጣመምኩ።

«እናቴ ነግራሻለች አይደል?» አለች። «አልተቆጣሁም እኮ። ብቻ ፌብሩዋሪ ላይ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም።» አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ማያያዣ ጎረሰች፤ እሱን ከአፏ አውጥታ ስታበቃ ዞራ ጠየቀችኝ። «ያንቺስ እናት ያኔ ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም» አልኳት።

አመነችኝ።